የልጄ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ሩጫ ቡድኑን ሊዘጋ ነው፤ ማስቀረት የቻለ አለ?

የሯጩ እናት (ቨርጂኒያ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የማነበው ስለ ቤት ብድርና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት ነው። ዛሬ ግን የልጄን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። 5000 እና 10,000 ሜትር ይሮጣል፤ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ አገር አቋራጭ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለፈው ሳምንት ቡድኑን በሙሉ ዙም ላይ ጠሯቸው። አትሌቲክ ዳይሬክተሩ ከወረቀት ላይ አነበበላቸው። የዘንድሮው ትምህርት ሲያልቅ የወንዶች አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥ ትራክ (የመም ሩጫ) እና የውጭ ትራክ ይዘጋሉ። የሴቶቹ ይቀጥላል። የልጆቹ ማይክ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ ጥያቄ ያለው በኢሜይል ይጠይቅ ተባለ። አሰልጣኛቸውም የሰማው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው።

ይህን አሰልጣኝ ቤቴ አስገብቼዋለሁ። ልጄን ሊመለምል የመጣ ጊዜ ሳሎናችን ተቀምጦ እንጀራ በእጁ እየበላ፣ ብዙውን ያወራን ስለ ትምህርት ነበር። ባለቤቴ "ቢጎዳስ? ሩጫውን ቢያቆምስ?" ብሎ ሲጠይቀው "ዲግሪውን ሳይዝ ከእጄ አይወጣም" አለ። ቃሉን ጠብቋል። ልጄ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቆ ለወራት ከሩጫ ሲርቅ በየሳምንቱ እየደወለ ሁኔታውን የሚነግረኝ እሱ ነበር። አሁን እሱም ሥራውን ያጣል።

"ስኮላርሺፓችሁ እስክትመረቁ ይከበራል" ብለዋቸዋል። ደግ ነው። ግን የልጄ ስኮላርሺፕ መጽሐፍ ከመግዛት ብዙም አያልፍም። ከቡድኑ ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም፤ ሙሉ ክፍያ እየከፈሉ ነው የሚሮጡት። ገና ሳይነጋ አብረው ይወጣሉ። ካምፓስ አጠገብ አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ልጄ በአንደኛ ዓመቱ ኢንጂነሪንጉን ሊተው ነበር። ያስቀረው የቡድን ጓደኛው ነው፤ ከገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ማታ ማታ ካልኩለስ እያስረዳው። የሚፈርሰው ይህ ነው።

ወላጆች ተሰባስበናል። የቀድሞ ሯጮችም መጥተዋል፤ ከመካከላቸው ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች አሉ። ፔቲሽን (የፊርማ ማሰባሰቢያ) ተከፍቷል። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ስብሰባ ላይ ከወላጆች ማን ይናገር ሲባል እኔን መረጡኝ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከታማሚና ከቤተሰቡ ጋር ስነጋገር ነው የኖርኩት። እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ቆሜ አላውቅም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በእውነት ተዘግቶ የተመለሰ ቡድን አለ? ደግሞ አንዳንድ አባቶች "ያዘጋብን የሴቶች እኩልነት ሕግ ነው" ይላሉ። እውነት ነው? ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።


ጋሼ ከሚኒያፖሊስ፦

እህቴ፣ አለ። እኛ እዚህ አልፈንበታል። ሁሉንም አላዳንንም፤ ግን ሁሉንም አላጣንም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ሴፕቴምበር 2020 ላይ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አራት የወንዶች ቡድኖችን ልዝጋ አለ። ጂምናስቲክ፣ ቴኒስ፣ የቤት ውስጥ ትራክና የውጭ ትራክ። ምክንያቱ ኮቪድ ያመጣው የገንዘብ ጉድለትና የወንድና የሴት አትሌቶች ቁጥር ማመጣጠን ነው ተባለ።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን አሯሩጣለሁ። የኢትዮጵያዊ፣ የሶማሌ፣ የኤርትራዊ ልጅ ሁሉም አለ። ለእነዚህ ልጆች ያ ቡድን ሩቅ አልነበረም። ሀሰን ሚድን ያውቁታል። በልጅነቱ ከሶማሊያ መጥቶ እዚሁ ሳውዝ ሃይስኩል ሮጠ፣ ከዚያ ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሮጠ፣ ከዚያ በሪዮ ኦሊምፒክ በ5000 ሜትር ለአሜሪካ ተሰለፈ። ኦብሳ አሊ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ካለው ሪችፊልድ ሃይስኩል ወጥቶ በ2018 በ3000 ሜትር መሰናክል የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ሻምፒዮን ሆነ። በአውቶቡስ የሚደረስበት ትምህርት ቤት፣ ሰፈራችን ያደጉ ልጆች። ከዚያ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ቆይቶ ዝጉት ተባለ። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነበር።

ከማስታወቂያው እስከ ቦርዱ ድምፅ ድረስ የነበረን አንድ ወር ነው። የቀድሞ አትሌቶች ጻፉ፣ አሰልጣኞች ጻፉ፣ እኛም ጻፍን። ኦክቶበር 9 ሪጀንቶቹ (የቦርዱ አባላት) ድምፅ ሲሰጡ የውጭ ትራክ ከሚዘጉት ዝርዝር ወጥቶ ነበር፤ ተረፈ። ሌሎቹ ሦስቱ ተዘጉ። ድምፁ ስንት ለስንት እንደነበር ታውቂያለሽ? 7 ለ 5። ከሰባቱ አንድ ሰው ቢዞር ኖሮ 6 ለ 6 ይሆን ነበር። ጂምናስቲኩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቡድን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺ አንድ ድምፅ ትቆጨኛለች።

ስለዚህ የምመክርሽ፣ "ለተከበረው ቦርድ" ተብሎ በጅምላ የሚላክ ደብዳቤ ላይ ብዙ ጉልበት አታባክኑ። የቦርዱን አባላት ስም አውጡ። ማን ከየት ነው? ማን የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው? ማን ሃይስኩል ውስጥ ሮጧል? ብዙ ስቴት ላይ የሚሾማቸው ገዢው ነው፤ ስለዚህ የስቴት ምክር ቤት አባሎቻችሁንም ያዙ። ለእያንዳንዱ የቦርድ አባል ከእሱ አካባቢ የሆነ ወላጅ ወይም የቀድሞ ሯጭ ራሱ ይደውልለት። ፔቲሽን ጥሩ ነው፤ ሰው ይሰበስባል። ድምፅ የሚሰጡት ግን እነዚያ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ሌላው፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ሰነድ በሕግ መጠየቅ ትችላላችሁ። ውሳኔው መቼ ተጀመረ፣ ከማን ጋር ተጻጻፉ፣ ቡድኑ ሲዘጋ በእርግጥ ስንት ይቆጠባል። ዛሬውኑ ጠይቁ፤ መልሱ ጊዜ ይወስዳል።

ስለ መናገሩ ደግሞ አትፍሪ። አነጋገርሽ የውጭ አገር ሰው መሆንሽን ያሳያል፤ ያሳይ። የቡድኑን ጥቅም ከአንቺ በላይ የሚያስረዳቸው የለም።


ሰላም ለሁሉ፦

እኔ የምለው፣ ልጁ የሄደው ሊማር አይደለም እንዴ? ኢንጂነሪንጉን ይጨርስ። ሩጫ ለጤናው ብቻውንም ይሮጣል። በዚህ አገር ከዩኒቨርሲቲ ጋር መጋጨት ምን ያደርጋል? ውጤቱ ላይ ቂም ቢይዙበትስ?


የሯጩ እናት፦

ወንድሜ፣ ሐሳብህን የጻፍከው ለእኛ በማሰብ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ባለቤቴን ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን ልጄ ትምህርቱን እንዲቀጥል ያደረገው ቡድኑ ነው። አትሌቶቹ ውጤታቸው ከተወሰነ በታች ከወረደ መወዳደር አይችሉም፤ ስለዚህ አሰልጣኙ ክፍል መግባታቸውን ይከታተላል። ኮሌጅ ገብተው ብቻቸውን ሆነው የጠፉ ስንት ልጆቻችንን አውቃለሁ። የሚከታተላቸው ሰው አልነበረም። ልጄ የሚከታተለው ሰው አለው፤ ይህን ዝም ብዬ አልሰጥም።

ቂሙን በተመለከተ፣ ወላጅ በቦርድ ስብሰባ ላይ መናገሩ መብቱ ነው። የስብሰባው ማስታወቂያ ራሱ ተመዝግባችሁ ተናገሩ ይላል።


የ800 ሜትር ሯጭ (ደቡብ ካሮላይና)፦

እትዬ፣ እኔ አሁን ተመርቄያለሁ፤ አራት ዓመት ለኮሌጅ ሮጫለሁ። ስለ ሕጉ የጠየቁትን ልመልስልዎ፤ እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ሲሳሳት ስላየሁ።

ሕጉ ታይትል ናይን ይባላል፤ የ1972 ሕግ ነው። "የወንዶች ቡድን ዝጉ" የሚል ቃል የለበትም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ፍትሐዊ ዕድል እየሰጠ መሆኑን በሦስት መንገድ ሊያሳይ ይችላል። አንደኛው የሴትና የወንድ አትሌቶች ቁጥር ከተማሪው ቁጥር ጋር ሲመጣጠን ነው። ሁለተኛው ለሴቶች ዕድል እያሰፋ መምጣቱን ሲያሳይ። ሦስተኛው የሴቶቹን ፍላጎትና ችሎታ ሙሉ በሙሉ ካስተናገደ። የሴቶች ቡድን መጨመር ይቻላል። ገንዘብ የሚጠይቅ ስለሆነ ግን የወንዶቹን መቀነስ ይቀላቸዋል።

ለምን ሁልጊዜ ሯጮቹ ላይ ይመጣሉ? የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከመቶ በላይ ወንዶች ይይዛል፤ የሚነካው የለም። ትራክ ደግሞ ሲቆጠር ሦስት ስፖርት ነው። አንድ ልጅ አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥና የውጭ ከሮጠ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። የወንዶች ሩጫ ሲዘጋ በአንድ ጊዜ ብዙ የወንድ ቁጥር ይወርዳል። ልጅዎ ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ እባክዎ ስብሰባው ላይ "ሴቶቹ ወሰዱብን" የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ። የሴቶቹ ቡድን ከወንዶቹ ጋር ነው የሚለማመደው፤ አብዛኛውን ጊዜ አሰልጣኙም አንድ ነው። የወንዶቹ ሲዘጋ እነሱም ይጎዳሉ። እኔም ሴት ሯጭ ነኝ፤ የመጨረሻውን የ400 ሜትር ዙር መሮጥ የተማርኩት ከወንዶቹ ኋላ እየተከተልኩ ነው። ሴቶቹን ከጎናችሁ አሰልፉ።

ክለምሰን ዩኒቨርሲቲን ይመልከቱ። ኖቬምበር 2020 የወንዶች ትራክና አገር አቋራጭ ልዝጋ አለ። የወንዶቹም የሴቶቹም ጠበቆች በዚሁ በታይትል ናይን ልንከስ ነው ብለው መጡ። የወንዶቹን መዝጋት ወንዶቹን ይበድላል፤ ሴቶቹም የሚገባቸውን አላገኙም አሉ። ኤፕሪል 2021 ላይ ዩኒቨርሲቲው ቡድኖቹን መልሶ አስቀጠለ፤ ለሴቶቹም የሚገባቸውን ለመስጠት ተስማማ። ያ ዜና የደረሰኝ ቀን አለቀስኩ። በየውድድሩ የምናውቃቸው ልጆች ናቸው።

የብራውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሁሉም ፈጠነ። ሜይ 2020 መጨረሻ ላይ 11 ቡድን ሲቀንስ የወንዶች ትራክና አገር አቋራጭ ነበሩበት። የቀድሞ ሯጮቹ አንድ ጥያቄ አነሱ፦ ከወንዶቹ ቡድኖች ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች በብዛት ያሉት የት ነው? አሜሪካ በሙሉ በጆርጅ ፍሎይድ ሞት አደባባይ የወጣበት ሰሞን ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁን 9፣ ሩጫው ተመለሰ። ይህን የምነግርዎ ሰው ስለሚፈራው ነው። የእኛ ልጆች በየትኛው ቡድን ውስጥ ነው ያሉት? በጎልፍ ውስጥ? በቀዘፋ ውስጥ? ሩጫ ጫማ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህን ቦርዱ ፊት ማንሳት ያስፈልጋል፤ ከእርስዎ አንደበት ቢወጣ ደግሞ የበለጠ ይሰማል።

ሁሉም ኮሌጅ በየዓመቱ የአትሌቶቹን ቁጥርና ወጪ በስፖርት ለፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር ያሳውቃል፤ ድረ ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው። እስኪ ከዚያ ይጀምሩ። ከዚያ ጠበቃ።


አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ የሚያሳዝነኝ እሱ ስለሆነ።

እዚህ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ስምንት ቡድን ሊዘጋ ተነሳ። ገንዘብ ካመጣችሁ ትተርፋላችሁ ተባሉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ የወንዶች የውጭ ትራክ። ወደ 900 ሺህ ዶላር የሚጠጋ አሰባስቦ። የወንዶች አገር አቋራጭና የቤት ውስጥ ትራኩ፣ የውኃ ዋና ቡድኖቹ፣ ቴኒሱ፣ ሌሎቹም ተዘጉ። በቅርቡም ካሊፎርኒያ ውስጥ ካል ፖሊ የተባለው ዩኒቨርሲቲ በ2025 የውኃ ዋና ቡድኑን ሲዘጋ ደጋፊዎቹን ብዙ ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ነበር፤ ለፍተው ሰበሰቡ፣ አልበቃም ተባለ።

ስለዚህ አንድ ዶላር ከመሰብሰባችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ጠይቁት። ስንት? ለስንት ዓመት? ብንደርስበት ትመልሳላችሁ ወይስ "እናያለን" ነው? መልሱ "እናያለን" ከሆነ የሰውን ገንዘብ አትንኩ፤ ቃል ብቻ አስገቡ። ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው በቂ ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ቡድኑ ሲመለስ ይሁን። ገንዘብ በማሰባሰብ እኛን የሚያህል የለም፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ገንብተናል፣ አስከሬን አገር ቤት ልከናል። ግን እንዲያ የምንሰጠው የት እንደሚገባ ስለምናውቅ ነው።

ደግሞ ገንዘቡ ከየት እንደጎደለ እወቁ። ጁን 2025 ፍርድ ቤት አንድ ትልቅ ስምምነት አጸደቀ። ስምምነቱን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። አብዛኛው የሚሄደው ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ያ ገንዘብ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። የሯጮች ጫማና የአውቶቡስ ኪራይ ያን ቀዳዳ አይሞላም፤ ቦርዱ ይህን በቁጥር ይስማ። የጠቅላላው የስፖርት በጀት ስንት ነው፣ የሩጫው ከዚያ ስንት እጅ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ብዙዎቹ ልጆች ሙሉ ክፍያ እንደሚከፍሉም ጻፉበት፤ ቡድኑ ሲዘጋ አንዳንዶቹ ይዛወራሉ፣ ክፍያውም አብሮ ይሄዳል።

በመጨረሻ ትንሽ የሚከብድ ነገር። ልጅሽን ለዘመቻው ብለሽ እንዳታስቀሪው። ቡድኑ የተዘጋበት አትሌት ተዛውሮ ወዲያው መወዳደር ይችላል። አሁኑኑ አሰልጣኙ ለሌሎች አሰልጣኞች ይደውልለት። የመዛወር በር ከፍቶ መጠበቅ ክህደት አይደለም። ልጁ ራሱ ይወስን።


የሯጩ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሌሊት ሥራ ላይ በእረፍቴ ነው ያነበብኩት፤ ለወላጆቹም ተርጉሜ ላክሁላቸው።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። የቦርዱን አባላት ስም አውጥተን ተከፋፍለናል። ከመካከላቸው አንዷ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ዋናተኛ ሆና ተገኘች፤ የሴቶቹ ቡድን አምበል ልታነጋግራት ነው። ልጅቷ ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ናት የመጣችው። የሰነድ ጥያቄውን ጠበቃ የሆነ አንድ የቀድሞ ሯጭ ጽፎ አስገብቷል። ገንዘቡን አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት መንገድ አድርገነዋል፤ ቃል ብቻ።

እዚሁ ቨርጂኒያ የዊልያም ኤንድ ሜሪ ዩኒቨርሲቲንም ታሪክ ወላጆቹ ነገሩኝ። ሴፕቴምበር 2020 ላይ ሰባት ቡድን ዘጋ፤ የወንዶች ትራክ አለበት። ውሳኔውን ያሳወቀው ደብዳቤ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የተወሰዱ ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉበት ሰው አነጻጽሮ አወጣው። አትሌቲክ ዳይሬክተሯ በወሩ ለቀቁ። መጀመሪያ የሴቶቹ ቡድኖች ተመለሱ፣ በኖቬምበር የወንዶቹም ተመለሱ። ስታንፎርድም ራሱ በሚቀጥለው ዓመት የዘጋቸውን 11 ቡድኖች መለሰ። የተጻፈ ነገር የማይለወጥ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ አገር የቦርድ ደብዳቤ ከመጣ አለቀ ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን እንደዚያ አላስብም።

ልጄ ሁለት ሌሎች አሰልጣኞችን አነጋግሯል። ግን "እማዬ፣ እስከ ስብሰባው ድረስ የትም አልሄድም" አለኝ። እሺ አልኩት።

የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ነው። የማነበውን በአማርኛ ጽፌ ነው ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት። አጀማመሩ ይህ ነው፦

"እኔ ነርስ ነኝ። ሥራዬ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ነው። ልጄን ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ስልከው፣ ብቻውን እንደማይቀር ቃል የገባልኝ ሰው ነበር፤ የእናንተ ሠራተኛ ነው። ያን ቃል ሲሰጥ በዩኒቨርሲቲው ስም ነበር። ዛሬ የምጠይቃችሁ ያን ቃል እንድታከብሩ ነው። በመጀመሪያ ቁጥሩን ላሳያችሁ።"

ከዚያ አንድ ገጹ ቁጥር ይቀጥላል። ስለ ጥቁር ተማሪዎችም አለበት፤ ልጄ አንብቦ "ይኑር" አለ።

ረዝሟል የሚል ካለ ንገሩኝ። ስብሰባው ሐሙስ ነው፤ የተናጋሪዎች ምዝገባ ረቡዕ ከሰዓት ይዘጋል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ የቀድሞ የኮሌጅ ሯጮች፣ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ ብቻ ይበቃል፤ ማልያችሁን ልበሱ። የ800 ሜትር ሯጯ፣ የሴቶቹ አምበል ካንቺ ጋር መነጋገር ትፈልጋለች፤ ስልክሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።